«የእርሻ ተመራቂ ስለ አንጎል ምን አገባው?»



ባለፈው ወር መጨረሻ ላይ፣ ዐስር ሰግደን እንደተመለስን፣ አንድ ወጣት ከመርሳ ተሳፍሮ ወልድያ ቤታችን ድረስ መጣ። ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል ያስተማርነው ልጅ ነው። በሀብሩ ገጠር ተወልዶ፣ ቁርአኑን እዚያው መንደሩ አኽትሞ፣ ኪታብም ጀማምሮ ነው ወደ ከተማ ትምህርት ቤት የመጣው። ጎበዝ ነበር። የዩኒቨርስቲ ምደባ ሲወጣ የደረሰው የዕፅዋት ሳይንስ ሆነና፣ ወልድያ ዩኒቨርስቲ መርሳ ላይ ባለው የግብርና ግቢው ተምሮ ተመረቀ።

በእጁ ወረቀት ይዟል። «ኡስታዝ፣ እስኪ ይህን ይዩልኝ» አለን።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማመልከቻ ነው። ልጁ የፈለገው ኒውሮሳይንስ በሚባለው ዘርፍ፣ ማለትም በአንጎልና በነርቭ ጥናት፣ በውጭ አገር ለዶክትሬት መማር ነው። ባለፈው ዓመት ለስድስት ዩኒቨርስቲዎች አመልክቶ ስድስቱም አልተቀበሉትም። ዘንድሮ እንደገና ሊሞክር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋታችንን ማመን አለብን። ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ሐሳቡን ሲያዋየን የሰጠነው መልስ የዚህ ጽሑፍ ርዕስ ነው። «የእርሻ ተመራቂ ስለ አንጎል ምን አገባው? ይህ የሐኪሞች ሥራ ነው፤ አርፈህ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ ፈልግ» ነበር ያልነው። ክፋት አልነበረበትም፤ አለማወቅ ግን ነበረበት። ልጁ ሌላ የሚጠይቀው ሰው አልነበረውምና ቃላችንን ይዞ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ጠይቀናል፣ አንብበናል፤ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንጽፈውም ያንን ዓመት ለማካካስ ያህል ነው።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የመጀመሪያው አንቀጽ በሙሉ ይቅርታ ነው። «ግብርና ያጠናሁት መንግሥት ስለመደበኝ ነው፤ ዘርፌ ከኒውሮሳይንስ የራቀ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ትጉህ ነኝ» ይላል። ሁለተኛው አንቀጽ ስለ አንጎል አስደናቂነት ያወራል፤ የትኛውም ተማሪ ከየትም ገልብጦ ሊጽፈው የሚችል ነው። ሦስተኛው ምስጋና ነው።

«ለመሆኑ ይህን ትምህርት ለምን ፈለግኸው?» አልነው።

ዝም አለ። ቡናው እስኪቀርብ ዝም አለ። ከዚያ «አጎቴ» አለ።

የእናቱ ወገኖች የደጋ ሰዎች ናቸው፤ ከደላንታ። የእናቱ ታላቅ ወንድም የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ በ1989 ዓ.ም. ግድም፣ አዝመራው ጠፍቶ አገሩ ጓያ ሲበላ ከረመ። አንድ ጠዋት ሲነሣ እግሩ አልታዘዝ አለው። ዛሬ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሁለት ዱላ ተመርኩዞ፣ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ፣ ጉልበቶቹ እየተጋጩ ይሄዳል። ራሱ፣ ምላሱ፣ እጁ ደህና ናቸው። ልጁ በክረምት ወደ እናቱ አገር ሲወጣ ለአጎቱ የውዱእ ውሃ የሚያቀርበው እሱ ነበር። «ለምን እግሩን ብቻ ያዘው? እናቴ ያው ከዚያው ቤት ናት፤ እሷን ለምን አልነካትም?» እያለ ሲጠይቅ ነው ያደገው።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍኸውም?»

«የቤት ጉዳይ መስሎኝ» አለን።

ውድ አንባቢያን፣ የቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጓያ ድርቁንም ረግረጉንም ችሎ የሚበቅል እህል በመሆኑ፣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ብቻውን ይቀራል። ችግሩም የሚመጣው ያኔ ነው። በፍሬው ውስጥ ተመራማሪዎች ኦዳፕ የሚሉት ንጥረ ነገር አለ። ይህ ነገር በተፈጥሮው የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ መልእክት ከሚለዋወጡበት ግሉታሜት ከሚባለው ኬሚካል ጋር ይመሳሰላል። ሰው ለወራት ያለሌላ እህል ጓያ ብቻ ሲበላ፣ እግርን የሚያዙት ነርቮች ከልክ በላይ እየተቀሰቀሱ ይጎዳሉ ተብሎ ይታመናል። ሽባነቱ አንዴ ከያዘ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ከሴት ይልቅ በወንድ፣ ከሽማግሌ ይልቅ በወጣት ይበረታል።

ያንን የደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ያጠኑት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤታቸውን ላንሴት በተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ከጸሐፊዎቹ መካከል ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ሐኪም ናቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የነርቭ ሐኪም ናቸው፤ በአገራችን የነርቭ ሕክምናን ከጀመሩት ቀዳሚው ሰው ናቸው። ፈርናንድ ላምቤን ደግሞ ከቤልጂግ፣ ከጌንት ዩኒቨርስቲ የመጡ፣ ሥራቸው የዕፅዋት ኬሚስትሪ የሆነ ሰው ናቸው። ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ሌላ ጥናት ደግሞ አበላሉ ራሱ ልዩነት እንደሚያመጣ አሳየ። ጓያን በንፍሮና በጥሬ እሸትነቱ የበሉት ይበልጥ ተጎድተዋል። ከሌላ እህል ጋር ደባልቀው፣ ወይም ሽንኩርትና ቅመም ባለው ወጥ የበሉት ግን አደጋው ቀንሶላቸዋል። ዘር አዳቃዮቹም ሳይቀሩ በነገሩ ገብተውበታል፤ መርዙ ያነሰ ዋሴ የተባለ የጓያ ዝርያ ለገበሬው አቅርበዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ የነርቭ በሽታ ነው። መነሻው ግን ማሳ ውስጥ ነው። ጥናቱ ያለ ሐኪም አይሆንም፤ ያለ ዕፅዋት ሰውም አይሆንም። እኛ ግን ዕፅዋት ያጠናውንና ከአጎቱ ጋር ያደገውን ልጅ «ምን አገባህ» ብለነው ነበር!

የውጭ ዩኒቨርስቲዎች ማመልከቻ እንዴት እንደሚመዘን ስናጠና የገረመን ነገር፣ አሠራሩ ለኛ ለወሎ ሰዎች እንግዳ አለመሆኑ ነው። በየጁ፣ በዳናም ሆነ በሌሎቹ የዒልም ማዕከሎቻችን፣ ደረሳ ፊቅሁን ከአንዱ ሸኽ፣ ነሕዉን ከሌላው እየፈለገ አገር ላገር ይዞር ነበር። አዲስ ሸኽ ዘንድ ሲደርስ የሚጠየቀውም የታወቀ ነው፦ ምን ቀራህ? ከማን ቀራህ? ምን ልትቀራ መጣህ? የአባትህ ርስት ስንት ጥማድ ነው የሚለው አልነበረም። የዶክትሬት ማመልከቻም በመሠረቱ እነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። የትምህርት ማስረጃው የመጀመሪያውን፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ሁለተኛውን፣ ተማሪው የሚጽፈው የዓላማ መግለጫ ሦስተኛውን ይመልሳል። ሲገባ ደግሞ በብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች አዲሱ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሦስት ላቦራቶሪ ዘንድ እየተዘዋወረ ይሠራና ከዚያ አንዱን ይመርጣል። ደረሳ ይሉሃል ይህ ነው።

ምን ቀራህ? ለሚለው የልጁ መልስ «ግብርና» ብቻ ነበር። ይህ አይበቃም። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው በኢትዮጵያ የዕፅዋት ሳይንስ ምን ምን እንደሚያስተምር አያውቅም። ልጁን ቁጭ አድርገን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ የወሰዳቸውን ኮርሶች አስቆጠርነው፦ ኬሚስትሪ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ጄኔቲክስ፣ የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ፣ የነፍሳት ጥናት፣ ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች፣ የሙከራ ንድፍና ስታቲስቲክስ። ከዚህ ውስጥ ግማሹ የኒውሮሳይንስ ተማሪ የሚፈለግበት ነው።

የፀረ ተባዩን ነገር እንውሰድ። ማላታይዮን ነፍሳትን የሚገድለው እንዴት ነው? አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ የሚያፈርሰውን ኤንዛይም ሥራ ያስቆመዋል፤ መልእክቱ አያባራም፣ ነርቩ አያርፍም፣ ነፍሳቱ ተንቀጥቅጦ ይሞታል። ያለመከላከያ የሚረጭ ገበሬ ምራቁ የሚዝረበረበው፣ ላቡ የሚወርደው፣ ጡንቻው የሚንቀጠቀጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን የግብርና ተማሪ ሁሉ ለፈተና ያጠናዋል። የነርቭ ሳይንስ እየተማረ መሆኑን ግን የነገረው የለም።

ደግሞ አንበጣው አለ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የሰሜን ወሎን ቆላ ያለበሰውን መንጋ ማን ይረሳዋል? ማሽላው በደረሰ ሰዓት፣ ሰው ጅራፍና ቆርቆሮ ይዞ ሲጮህ! ያ አንበጣ ብቻውን ሲኖር ከወገኖቹ የሚሸሽ ዓይናፋር ፍጥረት ነው። ሲጨናነቅ ግን በሰዓታት ውስጥ ጠባዩ ተለውጦ መንጋ ፈላጊ ይሆናል። ለዚህ ለውጥ ምክንያቱ በነርቮቹ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል መጨመሩ መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳውቀዋል። ይኸው ሴሮቶኒን በሰው ልጅ አንጎል ውስጥም አለ፤ በድብርት ሕክምና ስሙ የሚነሣው እሱ ነው። እንግዲህ አንበጣ የእርሻ ጉዳይ ነው ወይስ የአንጎል? (የጫቱን ነገር ብናነሣ ደግሞ ይህ ዓምድ አይበቃንም፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።)

ዘርፋቸው ሌላ ሆኖ ወደዚህ ጥናት የገቡት ጥቂቶች አይደሉም። ዐይን እንዴት እንደሚያይ ያጠናው የባስራው ኢብኑል ሀይሠም ሒሳብ ዐዋቂ ነበር። የኪታቡል መናዚር አንድ ቅጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1083 የተገለበጠ፣ ኢስታንቡል ውስጥ ይገኛል፤ ሁለቱን ዐይኖችና ወደ አንጎል የሚሄዱትን ነርቮች በሥዕል ያሳያል። በዘመናችን ደግሞ ኤሪክ ካንደል ሃርቫርድ ሲገባ ያጠናው ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ነበር። የባሕር ቀንድ አውጣን እያጠና የማስታወስን ምስጢር በመፈለጉ እ.ኤ.አ. በ2000 ኖቤል ተሸለመ። እውነቱን ለመናገር በመካከሉ ሕክምና ተምሯል፤ ታሪክ አንብቦ በቀጥታ አልዘለለም። ጆን ሆፕፊልድ የፊዚክስ ሰው ነው፤ የነርቭ ሴሎች ትዝታን እንዴት ሊይዙ እንደሚችሉ በሒሳብ ያሳየበት እ.ኤ.አ. የ1982 ሥራው በ2024 የፊዚክስ ኖቤልን አስገኝቶለታል። ሳይኮሎጂ ያጠናች እህታችን ካለች ደግሞ የኖርዌይዋን ማይ-ብሪት ሞዘርን ትመልከት። ከሳይኮሎጂ ተነሥታ፣ አንጎል አቅጣጫን የሚያውቅባቸውን ሴሎች በማግኘት እ.ኤ.አ. በ2014 ኖቤል ከተሸለሙት አንዷ ሆናለች።

ይሁንና ክፍተቱን መካድ አይገባም። ልጃችን የነርቭ ሴል እንዴት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ በወጉ አልተማረም፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍም አይችልም ነበር። ይህ በይቅርታ ሳይሆን በሥራ ነው የሚሞላው። ኒውሮማች አካዳሚ የሚባል እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረ የኢንተርኔት ትምህርት ቤት አለ፤ የትምህርቱ ጽሑፍና ቪዲዮ ለማንም በነፃ የተከፈተ ነው። በየዓመቱ ከመምህር ጋር የሚሰጠው ኮርስ ክፍያውም እንደ ተማሪው አገር አቅም ይቀንሳል። ትሬንድ ኢን አፍሪካ የተባለው ድርጅትም በአህጉራችን ለወጣት ተመራማሪዎች የነርቭ ሳይንስ ሥልጠናዎችን ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ ወይም ኮምፒውተር ያጠናችሁ ደግሞ አይምስ በሚባለው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ለሁለተኛ ዲግሪ የነፃ ትምህርት ዕድል መሞከር ትችላላችሁ። ልጃችን ዘንድሮ ከኒውሮማች ቪዲዮዎች አብዛኛውን ኔት ባገኘ ቁጥር በስልኩ እየጫነ አይቷል፤ ፓይተን በሚባለውም ፕሮግራም መጻፍ ጀምሯል። በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ይህ አልነበረም።

ከማን ቀራህ? ወደሚለው እንለፍ፤ የብዙዎቻችን ልጆች የሚወድቁት እዚህ ነውና። ዩኒቨርስቲዎቹ ብዙ ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ መምህሩ ራሱ በኢሜይል ወይም በድረ ገጻቸው ነው የሚልከው። በኛ ዘንድ ያለው ልማድ ግን ምንድን ነው? «ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» ነው። ከዚያም ተማሪው ስለ ራሱ «ሥነ ምግባሩ የተመሰገነ፣ በክፍል ሰዓት የማይቀር» ብሎ ይጽፋል። ለልጃችን ከተላኩት ሦስት ደብዳቤዎች ሁለቱ እንዲህ ያሉ ነበሩ። የውጭው መምህር ማወቅ የሚፈልገው ግን ተማሪው በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ነው፦ ሙከራው ሲበላሽበት ምን አደረገ? ቁጥሩ አልገጥም ሲለው ሸፈነው ወይስ ተናገረ? እኛ መምህራን ይህን ለመጻፍ ተማሪውን ማወቅ አለብን፤ ሥራ ስለሚበዛብን አናውቀውም። ይህ የኛ ጉድለት ነው።

ልጁ ከተመረቀ በኋላ በአንድ የማሽላ ሙከራ ላይ በመዝጋቢነት ጥቂት ወራት ሠርቷል። ከፀሐይ ጋር እየተቀመጠ የበቀለውንና ያልበቀለውን ሲቆጥር ነበር። ይህን በማመልከቻው ላይ በግማሽ መስመር ነበር ያለፈው! መቁጠር፣ መመዝገብ፣ ማነጻጸር ማለት ምርምር ማለት ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለ አይጥም ሆነ ስለ ዝንብ የሚሠራው ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። የዚያን ሙከራ ኃላፊ ደብዳቤ እንዲጽፍለት ጠይቅ አልነው፤ ጠየቀ፤ ሰውየውም እሺ አለው። ሌሎቻችሁም ከመርሳ ወደ ወልድያ ስትመጡ መንገድ ላይ የምታልፉትን የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ዐይታችሁ ብቻ አትለፉ። በትርፍ ጊዜያችሁ ማገልገል እንደምትችሉ ገብቶ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ስለ ትምህርት ማስረጃው አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ብዙ ልጆች የወጪ መጋራት ክፍያ ሳይጨርሱ ኦፊሴል ትራንስክሪፕት አይሰጣቸውምና ማመልከት የማይችሉ ይመስላቸዋል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች ግን ለማመልከቻ ጊዜ የስቱደንት ኮፒ ቅጂ ይበቃቸዋል፤ ኦፊሴሉን የሚጠይቁት ከተቀበሉ በኋላ ነው። የ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነት በወልድያ ያደረሰውን ጥፋት ሁላችን እናውቀዋለን። ከዚያ በኋላም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፦ ያላችሁን ማስረጃ ዛሬውኑ ስካን አድርጋችሁ ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ፤ ማመልከቻውንም የመጨረሻዋን ቀን ሳትጠብቁ ላኩ። የአሜሪካዎቹ ቀነ ገደብ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ነው። ቃለ መጠይቁ ጥርና የካቲት ላይ ይሆናል፤ የተቀበሉት ተማሪ ደግሞ እስከ ሚያዝያ 7 ውሳኔውን ያሳውቃል።

ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁን ስለ ገንዘብ ነው። በተለይም «ወለድ ያለበት ብድር ውስጥ ይገባ ይሆን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአሜሪካ በኒውሮሳይንስ ዶክትሬት የሚማር ተማሪ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት የመኖሪያ ገንዘብም በየወሩ ይከፈለዋል፤ በጀርመንም ብዙውን ጊዜ በደመወዝ ወይም በስኮላርሺፕ ነው። ስለዚህ «አስገባሃለሁ፣ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን አሳዩት። ወጪ የለም ማለታችን ግን አይደለም። የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። ማመልከቻው ራሱ ለአንድ ዩኒቨርስቲ ከ100 ዶላር የሚያልፍበት አለ። ልጁ ባለፈው ዓመት ስድስት ቦታ ሲያመለክት እናቱ አንድ ወይፈን ሸጠዋል። ከማመልከቻው ክፍያ ነፃ እንዲያደርጉን አስቀድሞ መጻፍ እንደሚቻል፣ አንዳንዶቹም እንደሚፈቅዱ፣ ያን ጊዜ እሱም እኛም አናውቅም ነበር። ዘንድሮ ለአራት ጽፎ ሁለቱ ፈቅደውለታል።

ሁሉንም በአሜሪካ ላይ መጣልም ልክ አይመስለንም። እ.ኤ.አ. በ2025 የምርምር በጀት በመቀነሱ በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች የዶክትሬት ቅበላቸውን አሳንሰዋል። በጀርመን የጎቲንገን ከተማ የነርቭ ሳይንስ ፕሮግራም ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይቀበላል፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጥብቅ ኮርስ በመሆኑ እንደ ልጃችን ክፍተት ላለበት ተማሪ እንዲያውም ይሻላል። እዚሁ አገራችንም በአዲስ አበባና በጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤቶች የፊዚዮሎጂና የባዮኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዎች አሉ። ለእነዚህ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠይቃል፤ ከየትኛው የመጀመሪያ ዲግሪ እንደሚቀበሉም ከመመዝገብ በፊት ማጣራት ነው። ሁለት ዓመት መጨመር ውርደት አይደለም። በነገራችን ላይ ስድስት ቦታ አመልክቶ ስድስቱንም ማጣት በዚህ ሥራ የተለመደ ነው፤ ፈረንጆቹም ይደርስባቸዋል።

ምን ልትቀራ መጣህ? የሚለው የመጨረሻው ጥያቄ ቀረን። ያን ምሽት መግሪብና ኢሻን በመካከሉ እየሰገድን፣ ያችን ወረቀት ከልጁ ጋር እንደገና ጻፍናት። ይቅርታው ወጣ። ስለ አንጎል አስደናቂነት የሚያወራው አንቀጽም ወጣ። በአጎቱ ጀመረ፤ ቀጥሎ ጓያ፣ ቀጥሎ ኦዳፕ፣ ቀጥሎ የማሽላው ሙከራና ፓይተኑ፤ በመጨረሻም «እግርን የሚያዙት ነርቮች ለዚህ መርዝ ለምን ከሌሎቹ ይልቅ ይሸነፋሉ?» የሚለው ጥያቄ። በነርቭ ሴሎች መሞት ላይ የሚሠሩ ሦስት ላቦራቶሪዎችንም በስማቸው ጠቅሷል፤ የጻፉትን አንብቦ ነው እንጂ ከዝርዝር ቀድቶ አይደለም። ቀድሞ የላከላቸው ስድስት ዩኒቨርስቲዎች ውስጥ በዚህ ነገር ላይ የሚሠራ መኖሩን እንኳ አላጣራም ነበር።

የአጎቱን ታሪክ ለባዕድ ከመላኩ በፊት ፈቃዱን መጠየቅ አለብህ ብለነው ስልክ ደወለ። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ያቺን የመጀመሪያዋን አንቀጽ በአማርኛ እየመለሰ አነበበለት። «ቤተሰቡ ለወራት የጓያ ንፍሮ ሲበላ ከረመ» የሚለው ላይ ሲደርስ አጎቱ አቋረጠው።

«ንፍሮ ብቻ አትበል» አለ። «እኔ ማሳ ጠባቂ ነበርኩ። እዚያው እየዋልኩ እሸቱን እየቀጠፍኩ ነው የበላሁት፤ ጥሬውን። እናትህማ ቤት ነበረች። እሷ የቀመሰችው በሽሮ ነው፤ እማዬ ነጭ ሽንኩርት ሳትጨምር ሽሮ አትሠራም ነበር።»

ልጁ ቀና ብሎ ዐየን። ከዚያ ስልኩን በትከሻው ይዞ እስክሪብቶውን አነሣ። የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ኅዳር 22 ነው።